ከወንዙ ማዶ መንገደኛው አለ

የምነግራችሁን አገር በካርታ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ተራራና ሜዳ የለውም፤ ድንበሩን የሚጠብቅ ጦርም አልነበረውም። አገሩ አንድ ረጅም ግድግዳ ነበር። ዜጎቹ ግድግዳው ሥር አይኖሩም። እያንዳንዱ በየቤቱ ተቀምጦ፣ በቤቱ ባለች ትንሽ መስኮት ግድግዳውን ያያል፤ ሲፈልግም እጁን በመስኮቷ አውጥቶ ይጽፍበታል። እጅ እስከዚያ ድረስ እንዴት እንደሚደርስ አትጠይቁኝ፤ ይደርስ ነበር። በመስኮቷ የሰው ፊት አይታይም፣ የሰው ድምፅም አይሰማም። የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤትህ ረጅም ይሁን አጭር፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ አታውቅም። ‹ሀ›ን ሲጽፍ እንዴት እንደሚያጎብጣት ግን ታውቃለህ።

እኔ በዚያ አገር ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ። ያለ አማላጅ ገብቼ፣ ከበረኛነት ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ዳኛ ሆኛለሁ። አባ ድምር ይሉኝ ነበር፤ ስንት ሰው እንደ ጻፈ፣ ስንት እንደ ሳቀ፣ ስንት እንደ ተኳረፈ ስለምቆጥር። እዚያ ማንም በወላጆቹ ስም አይጠራም። የድሮ ሰው ለፈረሱ ስም እንደሚያወጣው፣ ሁሉም ለራሱ ስም ያወጣል ወይም ይወጣለታል።

አገሩ እንዲህ ተመሠረተ። ቤተ ተረት የሚባል፣ ተረት እየፈበረከ የሚሸጥ ትልቅ ቤት ነበር። ግድግዳውንም የሠራው እሱ ነው፤ ማስታወቂያ ሊለጥፍበት። በዚያ ዘመን ስለ አንድ መንገደኛ የሚተርክ ተረት አወጣ። በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ይለጥፋል፣ እኛም በየመስኮታችን ሆነን እናነባለን። መንገደኛው ስም አልነበረውም፤ ከአገሩ ለምን እንደ ወጣም አልተነገረንም። ይሄዳል፣ ያገኘውን ይረዳል፣ እንደገና ይሄዳል። ይኸው ነው። ግን ወደድነው። ሰው ለምን እንደሚወድ የሚያውቅ ካለ ቤተ ተረት ይቅጠረው።

በመጨረሻ መንገደኛው የሞላ ወንዝ ገጠመው። ዋና አይችልም። ማዶ የታመመ ሰው እየጠራው ስለ ነበር ገባ። ምዕራፉ እዚያ ላይ አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት የተለጠፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦

ከወንዙ ማዶ መንገደኛው አለ

ከዚህ በኋላ ምንም የለም። አራት ነጥብ እንኳ አልነበረውም። ቤተ ተረት በዚያው ሰሞን የተሻለ የሚሸጥ ሌላ ተረት አግኝቶ ለጣፊዎቹን ሰብስቦ ወደ ሌላ ግድግዳ ሄደ። እኛ ግን የትም አልሄድንም። ያን ቀን አንዱ በከሰል «አለ?» ብሎ ከመስመሩ ሥር ጻፈ። ሌላው «አለ» ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው ጨመረ፣ አራተኛው ጨመረ። ሰላምታችን ይህ ሆነ። ጠዋት መስኮቱን የከፈተ ሁሉ «አለ?» ይላል፤ ያየው ሁሉ «አለ» ይለዋል። አገር ማለት ከዚህ የበለጠ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሕጋችንን ልንገራችሁ። አዲስ ሰው ሲመጣ በረኛው አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ «መንገደኛው ጫማውን የት ጣለ?» ብዙ ሰው ገበያ ላይ፣ ገደል ውስጥ፣ ይላል። ይመለሳል። «አልጣለም፣ ሰጠ እንጂ» ያለ ይገባል። የገባም ሰው ከመጻፉ በፊት ሌሎች የጻፉትን ማንበብ አለበት። ያላነበበ ያስታውቃል፤ «ለመሆኑ ውሻው የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃልና። ስለዚያ ውሻ አራት ክረምት ተጣልተናል። በስንት ሽምግልና «ውሻው የራሱ ነው» ብለን ስለ ታረቅን፣ ጥያቄውን ማንሣት ነውር ነበር።

ተረቱን አንብቦ ላልጨረሰ ሰው መጨረሻውን መናገር ትልቅ ወንጀል ነው። ቅጣቱ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጅ መገልበጥ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ አንድ ወንጀል ብቻ ነበር፦ ሌላ ሰው ያልጻፈውን እሱ እንደ ጻፈው አድርጎ መጻፍ። ይህን ያደረገ መስኮቱ ይዘጋበታል። ዳኛ የምንመርጠው ደግሞ «አልፈልግም» ከሚሉት መካከል ነው። እኔ ሦስት ጊዜ የተሾምኩት ሦስት ጊዜ እንቢ ብዬ ነው። በዚያ አገር ‹እርስዎ› የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሽበት በመስኮት አይታይም። ሁላችንም አንተና አንቺ ነበርን።

ከሁሉ የማስታውሰው እመት ጤዛንና አባ ዝናብን ነው። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ ግን በየጠዋቱ ሳይከራከሩ አይውሉም። አገሩ በሙሉ ሥራውን አቁሞ ያነብላቸው ነበር።

እመት ጤዛ ትጽፋለች፦ «ዋና የማይችል ሰው ይህን ወንዝ እንዴት ተሻገረ?»

አባ ዝናብ፦ «ወንዙ አዘነለት።»

«ደግሞ ወንዝ ያዝናል?»

«አንቺን ካየ አያዝንም፤ አቅጣጫ ይቀይራል።»

«አንተን ካየማ ይደርቃል!»

«ስሜ ዝናብ ነው፣ እህት ዓለም። እኔን ካየ ይሞላል።»

እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት አባ ዝናብ ሳይጽፍ ቀረ። በማግስቱም አልጻፈም። በሦስተኛው ቀን በእሱ መስኮት በኩል የማናውቀው የእጅ ጽሑፍ ወጣ። «የዚህ መስኮት ባለቤት ወንድሜ ነበር፣ አርፏል» ይላል። «እናንተ እነማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ሁልጊዜ ግን ከእናንተ ጋር ነበር የሚስቀው።»

ሰው ሲያርፍብን ወግ ነበረን። ስሙን በግድግዳው መካከል በትልቁ እንጽፋለን፤ ከሥሩም «አለ» እንላለን። ሌላ ቃል አንጨምርም። ለአባ ዝናብ የጻፈችው እመት ጤዛ ናት። በየጠዋቱም ከሌላው አስቀድማ እሱን «አለ?» ትለው ነበር። መልስ አትጠብቅም። ከሥሩ ተጽፏልና።

ቤተ ተረት የተመለሰው ከዚህ በኋላ ነው።

በተወው ግድግዳ ላይ አገር እንደ በቀለ ሰምቶ ነበር። አንድ ሹሙ በኋላ እንደ ነገረኝ፣ እዚያ ቤት «ሳይሸጥ የቀረ ናፍቆት እንደ ፈሰሰ ዘይት ነው» የሚል አባባል አላቸው። ዘይቱን ሊያፍሱ መጡ። እኛ ግን መጀመሪያ እልል አልን። የመንገደኛው ቤት ሰዎች ትዝ አልናቸው ብለን ደስ አለን። ያረፉትን ሰዎች ስም ብቻ ትተው ግድግዳውን ቀለም ቀቡት፤ እሰይ አልን። ሹማምንት ሾሙብን፤ እሱንም ዝም አልን። ከሹማምንቱ ዋናው የቃል ሹም ይባላል፤ የትኛው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የሚወስን እሱ ነው። ሌላው ይርዳው የሚባል የዝምታ መዝጋቢ ነው። ሥራው በየጠዋቱ ግድግዳው ሥር እየዞረ ማን እንዳልተናገረ መመዝገብ ነበር። ሹማምንቱ ግድግዳው ሥር ስለሚቆሙ በመስኮታችን ይታያሉ፤ ከይርዳው ቀበቶ የብረት መፋቂያ ይንጠለጠላል። መፋቂያው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም።

ቀጥሎ ላባ ታደለ። በቀን ሠላሳ ጊዜ የጻፈ አንድ ላባ ከስሙ አጠገብ ይሳልለታል። የመንገደኛውን ካባ ከቤተ ተረት የገዛ ደግሞ ምንም ሳይጽፍ ሦስት ላባ በአንዴ ያገኛል። ግድግዳው «እንደምን አደራችሁ» በሚል ተሞላ። አንዱ ሠላሳ ጊዜ እንደምን አደራችሁ ይልና ሳናድር ይሄዳል። ክርክር ቀረ፤ ክርክር ጊዜ ይወስዳል፣ በቀንም ከሁለት ጊዜ በላይ አያጽፍም። እኔ የሳቁትን እቆጥር የነበርኩት ሰው የምቆጥረው አጣሁ።

ከዚያ ቱቦ ተተከለ። በየመስኮታችን አንድ የድምፅ ቱቦ ገጠሙልንና «ከእንግዲህ በድምፃችሁ ትነጋገራላችሁ» አሉን። በምርቃቱ ቀን አገሩ ሁሉ ጆሮውን ቱቦው ላይ ደቅኖ ቆመ። የመጀመሪያውን ሰላምታ እንዲሰጥ የተመረጠው አባ ጉልላት ነው፤ ከሁላችንም ቀድሞ የገባ፣ ያን የመጀመሪያውን «አለ?» በከሰል የጻፈ ሰው። ጉሮሮውን ጠራርጎ በወፍራም ድምፅ፦

«አለ?» አለ።

የእመት ጤዛ ድምፅ መጣ። ቀጭንና ቸኳይ ነበር፤ እኔ ወፍራም ነበር የመሰለኝ።

«ምን አልክ?»

«አለ ነዋ ያልኩት።»

«አለ ነው እንጂ አለ ምን ማለት ነው?»

«እኔስ ምን አልኩ? አለ!»

«አለ በል!»

«አለ!»

ጽሑፍ ላይ አንድ ናቸው፤ እዩዋቸው። ጆሮ ላይ ግን አንድ አልነበሩም። እመት ጤዛ ‹ለ›ን አጥብቃ ነው የምታነበው፦ መንገደኛው አለ፣ በሕይወት አለ፣ ማዶ ቆሟል። አባ ጉልላት ደግሞ አላልቶ ነው የሚያነበው፦ መንገደኛው ከማዶ አንድ ነገር ተናገረ፤ ምን እንደ ተናገረ ግን ሳይጻፍ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት በየጠዋቱ ሰላም ስንባባል፣ ከእኛ ግማሹ ሰውየውን፣ ግማሹ ቃሉን ይጠብቅ ኖሯል። አንዳችን ስለ ሌላው አናውቅም ነበር። ድምፅ አልነበረንማ።

ቱቦው በጩኸት ሊፈነዳ ደረሰ። ጠበቅ ባዮችና ላላ ባዮች ተብለን ለሁለት ተከፈልን። «አንቺ ከኛ ጋር የኖርሽው በሌላ አገር ነው!» ይላል አንዱ። «አንተ ነህ እንጂ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰላምታ ፈንታ ሐሜት ስትጠብቅ ኖርክ!» ትላለች ሌላዋ። ያም ሆኖ እንታረቅ ነበር። የውሻውን ነገር ታርቀናል እኮ። አባ ጉልላት ራሱ በሳምንቱ «ሰውየው ከተናገረ አለ ማለት አይደል? እናንተ ያላችሁትንም እኛ ያልነውንም ይዟል» ብሎ ሲጽፍ አስታራቂዎቹ «እውነትም» ማለት ጀምረው ነበር።

ቤተ ተረት ግን አላስታረቀንም። ዐዋጅ አወጣ። «‹አለ› ማለት ተናገረ ማለት ነው። አላልቶ ይነበባል። መንገደኛው ምን እንዳለም በቅርቡ ለገበያ ይቀርባል።»

ላላ ባዮች ጨፈሩ። ሰልፍ ይዘው ገዙ። አባ ጉልላት ከሃያ ዓመት በኋላ የተገለጠለትን ቃል በቱቦ ለሁላችን አነበበ፦

«ከወንዙ ማዶ መንገደኛው አለ፦ ራበኝ።»

ሌላ ምንም አልነበረም። በማግስቱ ቤተ ተረት የመንገደኛው ስንቅ የሚባል በሶ በከረጢት አድርጎ መሸጥ ጀመረ።

«ራበኝ?» አለ አባ ጉልላት። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሃያ ዓመት ጠብቄ፣ ራበኝ?»

ከጠበቅ ባዮች አንዱ «ሆድህን አጥብቀው!» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ማንም አልሳቀለትም። ያን ቀን ለሁለት መከፈላችን ቀረ፤ የቀረው ግን በደስታ አልነበረም።

ሁለተኛው ዐዋጅ ተከትሎ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «‹አለ› ማለት ተናገረ ከሆነ፣ ያላለ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተናገረ ስም ይፋቃል፤ ቦታውም ላባ ላለው ይከራያል።» ‹ያላለ የለም› የሚለውን በወርቅ ቀለም ከግድግዳው አናት ላይ ጻፉት። የይርዳው መፋቂያ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን። ስማቸው ተጽፎ ከሥሩ «አለ» የተባለላቸው ሁሉ፣ በዚህ ዐዋጅ የሉም ማለት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፋቀው በመካከል ያለው፣ ቦታውም ውድ የሆነው፣ የአባ ዝናብ ስም ነበር።

ዐዋጁ አንድ ቀዳዳ ነበረው። ስም እንዳይፋቅ የሚከራከር ሰው በቃል ሹሙ ፊት ሊሟገት ይችላል። ከተረታ ግን የራሱም መስኮት ይዘጋል። እመት ጤዛ ልትሟገት እንደ ተመዘገበች ስሰማ በቱቦ ጠራኋት።

«ተይው እባክሽ» አልኳት። «ስም ነው። አንቺ ከቀረሽ የጠዋቱን ሰላምታ ማን ሊል ነው?»

«አባ ድምር፣ አንተ ስንት እንደሆንን ትቆጥር የለ?»

«እቆጥራለሁ።»

«አባ ዝናብን ከየትኞቹ ነው የምትደምረው? ካሉት ነው ከሌሉት?»

«ካሉት» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አንድም ቀን ቀንሼው አላውቅም።

«እንግዲያው ድምርህ እንዳይሳሳት ነው የምሟገተው» አለችና ቱቦውን ዘጋችው።

በችሎቱ ቀን የቃል ሹሙ ግድግዳው ሥር ወንበሩን አስመጥቶ ተቀመጠ። ይርዳው መፋቂያውን ይዞ ከጎኑ ቆመ። እኛ በየመስኮታችን ተሰልፈናል።

«ስምዎ?» አለ የቃል ሹሙ።

«እመት ጤዛ።»

«እውነተኛው ስምዎን ነው የጠየቅኩት።»

«እዚህ አገር የሚያውቁኝ በዚህ ነው። አንተን ማን ልበልህ?»

«‹እርስዎን› ነው የሚባለው!»

«ይቅርታ፣ በኛ አገር ሽበት አይታይም። ካለህ ግን እንኳን ደስ ያለህ።»

በቱቦው ሳቅ ተሰማ። ካባ ገዝተው የገቡት ሳይቀሩ ሳቁ። የቃል ሹሙ መዶሻውን መታ።

«ክርክርዎን ያሰሙ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ‹አለ› ምን ማለት ነው?»

«ዐዋጁ ግልጽ ነው። ተናገረ ማለት ነው።»

«ሌላ ትርጉም የለውም?»

«የለውም።»

«እዚህ ጥግ እንዲህ፣ እዚያ ጥግ እንዲያ ተብሎ አይነበብም?»

«በግድግዳው ሁሉ ላይ፣ በከሰልም ይጻፍ በቀለም፣ ተናገረ ማለት ነው! ጠበቅ የሚያደርግ ቢገኝ ይቀጣል።»

«መልካም። እንግዲህ ከአባ ዝናብ ስም ሥር የተጻፈውን አንብብልኝ።»

የቃል ሹሙ ዞር ብሎ አየ። ማጥበቅ አይችልም፤ ዐዋጁ የራሱ ነው። አላልቶ፣ ቀስ ብሎ አነበበ።

«አባ ዝናብ... አለ።»

«ምን አደረገ ማለት ነው?»

«...ተናገረ።»

«በዐዋጃችሁ የተናገረ ሰው ይፋቃል እንዴ?»

ጩኸቱን እንዴት ልንገራችሁ! አባ ጉልላት «በአፉ ተያዘ! በገዛ አፉ ተያዘ!» እያለ ቱቦውን በጡጫ ይደበድብ ነበር። ይርዳው ወደ ሹሙ ጆሮ ዘንበል ብሎ «ሰውየው ግን ሞቷል እኮ» አለ። ቱቦው ክፍት መሆኑን ረስቶታል፤ ሁላችንም ሰማነው።

«ዐዋጁ ውስጥ ሞት የሚል ቃል የለም» አለው የቃል ሹሙ በቁጣ። «ዝምታ ብቻ ነው ያለው።»

ግን የቃል ሹም የሆነው በከንቱ አልነበረም። ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ።

«ይሁን፣ አለ እንበል። ‹አለ› ተብሎ ግን ነገር አያልቅም። ምን አለ? ቃሉ ከሥሩ ይጻፍ። የፈጠራችሁት ከሆነ ደግሞ የራሳችሁ የጥንት ሕግ አለ፤ ሌላ ሰው ያላለውን አለ ብሎ የጻፈ መስኮቱ ይዘጋል። ሴትዮዋ ይጻፉ።»

ወጥመዱ ምን እንደሆነ እኔ ገባኝ። አባ ዝናብ የጻፈው ሁሉ በቀለምና በእንደምን አደራችሁ ተሸፍኗል። ሊገኝ አይችልም። እሷ ግን ለመፈለግ እንኳ አልሞከረችም። እጇ በመስኮቷ ወጣ፤ ከስሙ ሥር፣ ‹አለ› ከሚለው ቀጥሎ፣ ሁለት ቃል ጻፈች፦

«ነገ እመልስልሻለሁ።»

ከዚያ በቱቦው «ለእኔ የጻፈው የመጨረሻው ነው» አለች። «አንድ ነገር ጠይቄው ነበር። በማግስቱ አልጻፈም።»

ያን ጽሑፍ እኔም አንብቤው ነበር፤ ብዙዎቻችን አንብበነዋል። ከየመስኮቱ «እውነት ነው»፣ «አይቻለሁ»፣ «እመሰክራለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ቆጠርኩት፤ ከመቶ በለጠ።

«ያ ነገ አልፏል» አለ የቃል ሹሙ።

«የተጻፈውን አንብበው። አልፏል ይላል?»

«ነገ ነው የሚለው።»

«ነገ መቼ ነው?»

 ቤተ ተረት ራሱ፣ ምንም የማይጽፉት ካባ ገዢዎች እንዳይፋቁ ያወጣው ሌላ ሕግ ነበረ፦ ንግግሩን ያልጨረሰ ሰው፣ ገና እየጻፈ ነውና፣ አይፋቅም። ሹሙ ሕጉን ያውቀዋል፤ ጽሕፈቱ የራሱ ነው።

«ነገ... ነገ ነው» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ነገ ኑ» አለችው እመት ጤዛ። ‹ኑ› ያለችው እንደ ሹምነቱ አክብራው ይሁን፣ ይርዳውንም ጨምራ ይሁን፣ አላወቅንም።

የዚያ ከሰዓት ነገር ዛሬም ሲታየኝ ይኖራል። ያረፈ ወዳጁ ስም በግድግዳው ላይ ያለበት ሁሉ የየራሱን ሰው የመጨረሻ ቃል በትዝታው ፍለጋ ገባ። መፍጠር ክልክል ነው፤ ሲፈጥር የተገኘም የለም። አንዱ የወዳጁን «ቀሪውን በኋላ» አገኘ። አንዷ የጓደኛዋን «ወጡ አረረብኝ፣ መጣሁ» ጻፈች። ‹መጣሁ› ያለ ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል እንጂ አይፋቅም፤ ይርዳው አንብቦ አለፈው። እንደዚህ እየተባለ ሃያ ስድስት ስም ዳነ። ግን ሁሉም አልዳነም። «ደህና ሁኑ» ብለው የሄዱ ነበሩ፤ ንግግራቸውን ጨርሰዋልና ተፋቁ። አባ ጉልላት የባልንጀራውን የመጨረሻ ቃል ያውቀው ነበር። «በቃኝ» ነበር። ሌላ ቃል ለመጻፍ ከራሱ ጋር ታገለ። በመጨረሻ «በቃኝ» ብሎ ጻፈው፤ ይርዳውም ፋቀው። የመፋቂያው ድምፅ በቱቦው ሲመጣ አባ ጉልላት ቱቦውን አልዘጋም። እስከ መጨረሻው ሰማ።

አገሩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም ብል ይሻላል። ማንም አላፈረሰውም። ልጆቹ ወደ ሌሎች ግድግዳዎች፣ ወደ ሌሎች መንገደኞች ሄዱ። ላባ ያላቸው ላባው ሲረክስ ሄዱ። በሶው አልሸጥ ሲል ቤተ ተረትም የቃል ሹሙን አነሣውና ለሌላ ተረት ሾመው። ዛሬ መስኮቴን ስከፍት ቀለሙ ተልጦ ሥሩ ያለው የጥንቱ ከሰል እዚህም እዚያም ይታያል። «አንቺን ካየ አያዝንም፤ አቅጣጫ ይቀይራል» የሚለውን አንድ ጥግ ላይ አግኝቼዋለሁ። እመት ጤዛ አለች። አባ ጉልላት አለ። እኔ አለሁ። ሌሎችም ጥቂት።

ቤተ ተረት የተወልን አንድ ሹም ብቻ ነው፤ ይርዳው። ሊሽሩት ረሱት መሰለኝ። በየጠዋቱ መፋቂያውን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ ከአባ ዝናብ ስም ፊት ይቆማል፣ «ነገ እመልስልሻለሁ» የሚለውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ «እንግዲያው ነገ» ይላል፣ ይሄዳል። ዝናብም ይሁን በዓል አይቀርም። መጀመሪያ ድምፁ የሹም ድምፅ ነበር። ዓመት ሲያልፍ ላላ አለ።

ባለፈው ሰሞን ግን አንብቦ አልሄደም። እዚያው ቆመ። ከዚያ ወደ እመት ጤዛ ቱቦ ተጠጋና እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አየ።

«እመት ጤዛ» አላት፤ በአገራችን ስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። «በሥራዬ የተፈቀደ ጥያቄ አይደለም። ግን ያን ቀን ምን ጠይቀሽው ነበር?»

 የማትመልስለት መስሎኝ ነበር።

«ማዶ የተሻገረ ሰው» አለችው፣ «በዚህኛው ዳር የቀሩትን ይናፍቃል ወይ ብዬ።»

ይርዳው መፋቂያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ስሙን ደግሞ አየው።

«ሰውየው ቀልደኛ ነበር አሉ» አለ። «በቀልድ ይመልሰው ነበር?»

«መጀመሪያ በቀልድ። ቀጥሎ ደግሞ በእውነት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር።»

«ሁለቱንም ይጽፋል ማለት ነው?»

«ይጽፍ ነበር።»

ይርዳው ራሱን ነቀነቀ። ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደና ተመለሰ።

«ነገ ምናልባት የተጻፈ ነገር ካለ» አለ፣ «እኔ ሳልደርስ እንዳታነቢው። አብረን እናነበዋለን።»

«እሺ» አለችው። «ብቻ እንዳታረፍድ።»